የሙሔ ጺምና የእኔ ቅቤ

ኩል ከተኳልሁ ሦስት ወር ከሃያ ሁለት ቀን ሆነኝ። ቀኑን የምቆጥረው ቸኩዬ አይደለም። በእኛ ሃይማኖት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ኩል የለም፣ ሂና የለም፣ ሽቶ የለም፣ ዓይን የሚስብ ልብስ የለም። እኔም ተቀምጫለሁ። መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርሁት ግን እኔው ነኝ እንጂ ማንም አላዘዘኝም። ያለ ኩል ራሴን ያየሁ ቀን የሞተችው አክስቴ መጥታ የቆመች መስሎኝ ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ።

ጎረቤቴ ከዲጃ በየቀኑ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን አይታ፣

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ዓይን ሊጠፋ ነው። ፊደል ታውቂ የለ? ከምታለቅሺው ጻፊው» አለችኝ።

«ምኑን ልጻፍ?»

«የኮምቦልቻውን ጻፊዋ! እኔም አነብና ልሳቅ።»

ሐዘን ቤት ተቀምጣ ልሳቅ የምትል ሴት ናት። ግን ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ስለዚህ ቀስ እያልሁ፣ በቀን አንዳንድ ገጽ እያልሁ እጽፈዋለሁ። ዓይኔ ሲሞላ አቆማለሁ፤ ሲደርቅ እቀጥላለሁ።

ባሌ ሙሔ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ደሴ፣ ሆጤ፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቀው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ይሠራ ነበር። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር መልኩ አንድ ቀን አሳስቦት አያውቅም። የሰው ትከሻ በዓይኑ አይቶ ልክ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱ ኮት አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝም ነበር። ጺሙ ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ። ሆዱ ደግሞ ሆድ ነበር።

«ሙሔ፣ ሆድህ ከእጅህ ቀድሞ ጨርቁ ላይ ይደርሳል» ስለው፣

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤ ነዋ!» ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሆድ በጣም ደስተኛ ነበርሁ። እንዲህ ያለ ሆድ ያለውን ባል ማንም አይቀማሽም። ተኝተሽ ታድሪያለሽ።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነበር። እኔ በልጅነቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርሁ ቀበሌው ሴቶቹን በማስተማር መምህሩን እንዳግዝ መደበኝ። መምህሩ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው። አፍሮ አለው። በር ሲገባ መጀመሪያ ጸጉሩ ይገባል፤ ቆይቶ እሱ ይከተላል። እኛ «ጓድ መምህር» እንለዋለን። ልጄ ሊሆን ጥቂት የቀረው ልጅ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ለሚመጣው ነገር ምስክር እንዲሆነኝ ነው።

ፊደሉን ከጨረስን በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ እንስሳ ያስተምረን ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ ስለ ዶሮ ሆነ።

«አውራው ዶሮ በራሱ ላይ ያ ቀይ ዘውድ፣ በጅራቱ ላይ ያ የሚያብለጨልጭ ላባ ለምን ያለው ይመስላችኋል?» አለ ጓድ መምህር። «ሴቷ ግን አፈር መስላ የምትኖረው?»

«አላህ እንዲያ አድርጎ ፈጠራታ» አለች ከዲጃ።

«እሺ። ሳይንሱ የሚለው ግን ሴቷ ናት የምትመርጠው። የምትመርጠውም ያማረውን ነው። ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ አውራው እያማረ ይሄዳል። የሰውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ማበጠሪያ የሚገዛው፣ ጫማውን የሚወለውለው፣ መስታወት ፊት የሚቆመው የሚመርጠው ዓይን አለ ብሎ ሲያስብ ነው። ለማንም ዓይን ሳይል የሚያጌጥ የለም።»

ከዲጃ እጇን አወጣች።

«ጓድ መምህር፣ አፉ በሉኝና፣ እኔ ባሌን መረጥሁት ነው የሚሉኝ? እኔን እኮ አባቴ ነው የሰጠኝ። የባሌን ፊት ያየሁት በሰርጌ ማግሥት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እሱ የፊውዳሉ ሥርዓት ጥፋት ነው» አለ መምህሩ ኮስተር ብሎ።

«ሥርዓቱስ የፊውዳሉ ይሁን፤ አፍንጫው ግን የራሱ ነው» አለች ከዲጃ።

እኔም ከሁሉ በላይ ሳቅሁ። ማታ እራት ላይ ለሙሔ ሁሉንም ነገርሁት። የዶሮውን፣ የላባውን፣ የከዲጃን አፍንጫ። ከመምህሩ የሰማሁትን ሁሉ ለሙሔ መንገር ልማዴ ነበር። ጓድ መምህር ጥርስ በጠዋት ይታጠባል አለ፤ ጓድ መምህር ውሃ ይፈላል አለ፤ ጓድ መምህር እንዲህ አድርጎ ይስቃል። ሙሔ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔ እየሰማኝ፣ እየተማረም መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ሙሔን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ ወዳለው ቅርንጫፍ ይልከው ጀመር። የደንብ ልብስ ሥራ በዝቷል ተባለ። ጠዋት ወርዶ ማታ ይመለሳል። አንድ ሰኞ ሲመለስ ጺሙ ቀይ ሆኖ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሂና ነዋ። የነቢያችን ሱና ነው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሱናው የት ነበር?»

«ሰው ይማራል። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትማሪ?»

እውነትም ሱና ነው። ሱናን ምን ብዬ እከሳለሁ? በሳምንቱ ግን ቅርንፉድ ማኘክ ጀመረ። በሌላው ሳምንት ለራሱ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ሰፍቶ መጣ፤ ሲራመድ ሁለት ቀሚስ ጎን ለጎን የሚሄድ ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ መስታወቱ ፊት ቆሞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ሆዱን ሲያስገባ አገኘሁት። ሆዱን! ያን የማምነውን ሆድ! ካስገባው በኋላ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ትንፋሹን ይዞ ወደ ጎን ዞሮ ራሱን አየ። ሲያየኝ ሆዱ ተመልሶ ወደ ቦታው ወጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አሳለኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ የጓድ መምህር ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ለማንም ዓይን ሳይል የሚያጌጥ የለም። የኔ አውራ ዶሮ ላባ እያወጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ መርጬው ጨርሻለሁ። ታዲያ ለየትኛዋ ዶሮ ነው?

ይህ ሁሉ ግን ጥርጣሬ ነበር። ማስረጃውን ያገኘሁት ከኮቱ ላይ ነው። የልብስ ሰፊ ሚስት ሌላ ሴት የማታውቀውን ነገር ታውቃለች። ሰው በጽሕፈቱ እንደሚታወቅ ሁሉ ሰፊም በመርፌው ይታወቃል። ሙሔ ቁልፍ ሲተክል ክሩን ከሥር ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ይቋጫል፤ ሃያ ዓመት ሦስት ጊዜ ነው። ኮቱን ላጥብ ስዘረጋው መካከለኛው ቁልፍ አምስት ጊዜ ተጠምጥሟል። ቋጠሮውም ተደብቋል። የሴት እጅ ነው፤ ያውም የቀጭን ጣት፣ ያውም ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል የሠራችው። ኮቱን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ደግሞ ሂናና የጽጌረዳ ውሃ ይሸታል።

ኮቱን ታቅፌ ወደ ከዲጃ ሮጥሁ።

«ሁለተኛ ሊያገባ ነው» አልኋት።

ከዲጃ ቁልፉን ቆጠረች። አገላብጣ አየችው። «ወላሂ፣ እጇስ እጅ ነው» አለች።

«ከዲጃ!»

«ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ስፌት ነዋ! አሁን ምን ታስቢያለሽ?»

«ካገባ አንድ ቀን አላድርም። ዕቃዬን ይዤ ገራዶ ወንድሜ ቤት እገባለሁ።»

የምሬን ነበር። ሌላ ሴት ተካፍላ ትኖራለች፤ ሸሪዓውም አይከለክልም፤ በሰፈራችንም ሁለት ሆነው እንደ እኅትማማች የሚኖሩ ነበሩ። እኔ ግን የሙሔን ሰኞና ሐሙስ ለሌላ ሰጥቼ በቀረው ቀን ልስቅ የምችል ሴት አልነበርሁም። ያን ሌሊት ልብሴን በአንድ ጨርቅ ቋጠርሁ። ቋጠሮውን አልጋ ሥር ሳስገባ ሃያ ዓመት ይህን ያህል ብቻ ይሆናል እንዴ ብዬ አለቀስሁ።

«ከመሄድሽ በፊት ግን ታዪያታለሽ» አለች ከዲጃ በማግሥቱ። «ሐሙስ ኮምቦልቻ ትወርጃለሽ። ግን እንዲህ ሆነሽ አይደለም። አምረሽ ነው የምትሄጂው። ያቺ ሴት ስታይሽ ቁልፏን ይዛ እንድትሸሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ከዲጃ ቤቴን የሰርግ ቤት አደረገችው። የሰርጌን ቀሚስ አወጣን። ቀሚሱ አላውቅሽም አለኝ፤ ሁለት ሆነን አስታወስነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ማለት እንጂ መተንፈስ አልቻልሁም። የከዲጃን የልጇን ታኮ ጫማ ተዋስሁ፤ በአንድ ቁጥር ያንሰኛል። ኩሉን አንድ ጊዜ ተኳልሁ፤ ከዲጃ «አይታይም» አለች፤ ደገምሁት። «ከሩቅ አይታይም» አለች፤ ሠለስሁት። መጨረሻ ላይ ቅቤው መጣ። በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ።

«ትንሽ ይበቃል» አልኋት።

«ትንሽ ምን ይሆንልሻል? ልትወዳደሪ እኮ ነው!» ብላ እንደ ጦሳ ተራራ ጫፍ አናቴ ላይ ቆለለችው። በላዩ ስስ ሻሽ አሰርሁ።

እዚህ ላይ የእኛን የደሴዎችን ስሕተት ልናዘዝ። በደሴ ቅቤ አናት ላይ ሲቆለል እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ይውላል። ጉም ነው፣ ብርድ ነው፣ ቅቤው ቀልጦ ወደ ጸጉር የሚወርደው በስንት ልመና ነው። እኛ ተራራ ላይ ተቀምጠን ዓለም ሁሉ እንዲህ የሚቀዘቅዝ ይመስለናል። ኮምቦልቻ ግን ከሥራችን ተኝታ በፀሐይ ትቀቀላለች። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ሙቀቱ ልብስ ከማቅለል አልፎ ቅቤንም ይመለከታል ብለን ግን አላሰብንም።

አውቶቡሱ ውስጥ በፀሐይ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ። ከጎኔ ሂና የነካው ጺም ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጉልበታቸው ላይ ከረጢት አቅፈዋል። ጉሙ እስካለ ድረስ ንግሥት ነበርሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ግን አንገቴ ላይ አንድ ጠብታ ተሰማኝ። በሁለተኛው ጥምዝምዝ ላይ ጠብታው ጅረት ሆነ። በአራተኛው ላይ ቅቤው በግንባሬ ወርዶ ኩሉን አገኘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁትም፤ ሽማግሌው ግን አዩት።

«ያረቢ!» አሉ ቀስ ብለው። «አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ። ይውጣልሽ።»

እጄን ወደ ጉንጬ ባደርግ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ። ጠረግሁት፤ ፊቴን ሁሉ አዳረስሁት። «አይ አባባ፣ እኔ...» ብዬ ልጀምር ስል የቀሚሱ ጥበት ትንፋሼን ቆርጦት ሲቃ መሰለ።

«አትናገሪ፣ አትናገሪ» አሉኝ። «ሐዘንተኛ አይጠየቅም። ማን እንደሆነ አላህ ያውቀዋል።»

በእኛ አገር ያለቀሰን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አስቀድሞ ይለቀሳል፤ የሟች ስም በኋላ ይደረስበታል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ከኋላ ያለችው ሴት ከንፈሯን መጠጠች። የፊተኛው ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ዞሮ «አብሽሪ እኅቴ፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን» አለኝ። አውቶቡሱ በሙሉ አሚን ይላል። እኔ ምን ልበል? ሃያ ሰው ዱዓ እያደረገልኝ፣ ቅቤ ነው ልበላቸው?

ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግፈው አወረዱኝ። ታኮ ጫማው አላራምድ ስላለኝ የምወድቅ መሰላቸውና ሁለት ሴቶች እስከ ማኅበሩ በር አደረሱኝ። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ይመር ተቀምጠዋል፤ እንደ ብዙ ሽማግሌዎቻችን ጺማቸውን ሂና የሚያደርጉ፣ ከደሴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። አዩኝ። ሻሼ ተንሸራቷል፣ ፊቴ ጥቁር ነው፣ በሁለት ሰው ተይዣለሁ። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን!» አሉ። ወደ ውስጥ ዞረው ጮኹ፦ «የሙሔ እናት ሞቱ!»

የስፌት መኪናው ጩኸት ባንድ ጊዜ ዝም አለ። የሙሔ እናት ያን ጊዜ በሕይወት ያሉ፣ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ሴትዮ ናቸው። «ኧረ ጋሽ ይመር፣ ማንም...» አልሁ። ማን ይስማኝ! ዐሥራ አምስት ሰፊ እየተላቀሰ ወጣ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። በካኪ ቁራጭ ፊቴን ታብሰኝ ጀመር።

«እትዬ፣ አይዞዎት፣ አላህ ያጽናዎት» ትለኛለች።

አየኋት። ረጅም ናት። አንገቷ ረጅም፣ ዓይኗ ያለ ኩል የተኳለ። ቅቤ የለ፣ ታኮ የለ፤ በሥራ ልብሷ ላይ ክር ተጣብቆባት እንኳ ታምራለች። ጣቶቿን ደግሞ አየሁ፤ ቀጭን ናቸው። አንገቷ ላይ በክር የተሰካ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ቁልፍ የምትተክይ አንቺ ነሽ?» አልኋት።

ሐዘን አእምሮዬን የነካው መሰላት። «አዎ እትዬ። ዘሐራ እባላለሁ። ምነው?»

«ሙሔ የት አለ?»

ዘሐራ ጋሽ ይመርን አየች። ጋሽ ይመር መሬቱን አዩ።

«እሱ... አሁን መውጣት አይችልም» አሉ። «ጓዳ ነው።»

ጓዳ ነው! ከዚህ በኋላ ማን ይዞ ያስቆመኛል? ታኮውን አውልቄ በእጄ ይዤ ሰፊዎቹን በመካከል ሰንጥቄ ገባሁ። የጓዳውን በር ገፋሁት።

ሙሔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ብቻውን ነው። ጺሙ በሂና ተለቁጦ በጉሎ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ቅጠሉ እንዳይወድቅ አገጩ ከሥር በነጭ አቡጀዴ ቁራጭ ተይዞ አናቱ ላይ ታስሯል። የጥርስ ሕመምተኛ ይመስላል። አፉ ስለታሰረ ጮኾ መናገር አይችልም። ለቅሶውን ሰምቶ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«እናቴ ናት?» አለ በጥርሱ መሐል።

«ማንን ልታገባ ነው?» አልሁ።

«እ?»

«ማንን ነው የምታገባው?»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ማንን ነው የምታገባው?»

ሙሔ ፊቴን ላይ ታች አየው። ቅቤው ከአገጬ ላይ ይንጠባጠባል። «ማንም ካልሞተ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው!»

ሙሔ አቡጀዴውን ከአናቱ ላይ ፈታው፤ ቅጠሉ መሬት ወደቀ። ሃያ ዓመት ስንኖር እንዲያ ሲቆጣ አላየሁትም።

«እኔ ነኝ የማገባ? እኔ! ጓድ መምህር፣ ጓድ መምህር! ሦስት ወር ሙሉ ከእንጀራው ጋር የምታበዪኝ ጓድ መምህርን አይደለም ወይ? ጓድ መምህር ጥርሱ እንዲህ ነው፣ ጓድ መምህር ሲስቅ እንዲህ ነው! እኔ መቼ ነው ስስቅ ያየሽኝ? እሺ፣ ጸጉር የለኝም፤ ከየት ላምጣ? ያለኝ ጺም ነው፤ ጺሜን አቀላሁ። ሆድ አለኝ፤ ሆዴን አስገባሁ። የዶሮውንስ ያመጣሽብኝ አንቺ አይደለሽም? ሴቷ ናት የምትመርጥ አላልሽም?»

ከበሩ ላይ ዐሥራ አምስት ሰፊ ይሰማል።

«ለኔ ነው?» አልሁት።

«ለማን ይሁን ታዲያ፣ ለጋሽ ይመር?»

በዚያች ቅጽበት ልቤ እንደ ቅቤው ነበር የሆነው፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ግን ልብ ቢቀልጥም ዓይን ሥራውን አያቆምም። የሙሔን እጅ አየሁት። ንጹሕ ነው። ሂና የለወሰና የቀባ እጅ ደግሞ ቀይ ይሆናል።

«ማን ነው የቀባህ?» አልሁት።

«እ... ጋሽ ይመር።»

ዞሬ የጋሽ ይመርን ጣት አየሁ፤ ቀይ ነው። ግን እሳቸው የራሳቸውን ጺም ይቀባሉና ማስረጃ አይሆንም። የዘሐራን አየሁ፤ የጣቷ ጫፍ ቀይ ነው። ግን ሴት ልጅ ናት፤ ሂና ብታደርግ ምን ይደንቃል? ነገሩ እዚያው ቀረ። ቁልፉንስ? «ተበጥሶ ነው፤ ቁልፍ ተካይዋ እሷ ናት፤ ማን ይትከልልኝ?» አለኝ። ይህም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደው።

አንድ አውቶቡስ ይዘን ተመለስን። የሙሔ ሂና ሳይደርስ ታጥቦ ጺሙ በግራ ቀይ፣ በቀኝ የደረቀ ሣር መስሏል። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ መጣና የተረፈው ቅቤ ጉንጬ ላይ ነጭ ሆኖ ረጋ። ሙሔ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ እያነሣ ይስቃል። «አየሽ፣ እኔም ስስቅ አምራለሁ» ይለኛል።

ሆጤ ስንደርስ ግን ደጃችን በሰው ተሞልቷል። ለካ ከኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ወደ ደሴ ስልክ ተደውሎ «ሙሔ ቤት ሐዘን አለ» ተብሏል። ሰፈሩ ዳስ ሊጥል ቋሚ አምጥቷል። ከዲጃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች። ከሁሉ መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያለቅሱት ደግሞ ማን ናቸው? የሙሔ እናት! ሞቱ የተባሉት ሴትዮ ልጄ ሞተ ብለው መጥተው ያለቅሳሉ።

«እማ!» አለ ሙሔ።

እናቱ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ጺሙን አዩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለህ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «ምን አድርገው ነው እንዲህ ያደረጉህ?» አሉት።

ልብሴን የቋጠርሁበትን ጨርቅ ያን ዕለት ፈታሁት። ከዚያ በኋላ በእራት ላይ የጓድ መምህርን ስም አላነሣሁም። ሙሔም ሆዱን ለቀቀው። ጺሙን ግን በየወሩ እቤታችን፣ በእኔ እጅ፣ ሂና እያደረግሁለት ስምንት ዓመት ኖርን። አገጩንም በአቡጀዴ የማስረው እኔ ነበርሁ። ቅጠሉን ስሸፍንለት አንዳንዴ ድንገት፣ «ዘሐራ ናት የቀባችህ?» እለዋለሁ። አፉ ስለታሰረ መመለስ አይችልም። በዓይኑ ይስቃል።

ሲታመም ሂናው ቀረ። ሦስት ወር ተኛ። ጺሙ ከሥሩ ነጭ እየሆነ ወጣ፤ ቀዩ ወደ ጫፉ እየሸሸ ሄደ።

የሞተ ዕለት ሊያጥቡት የመጡት ሰዎች እንድሰናበተው ጠሩኝ። ገባሁ። ዓይኑ ተከድኗል። አገጩ ከሥር በነጭ አቡጀዴ ተይዞ አናቱ ላይ ታስሯል። እንደዚያ ቀን። ልክ እንደዚያ ቀን። አላህ አፉ ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሲዞር እኔም አላወቅሁትም፤ ሰዎቹ ግን አበደች ብለው ይዘውኝ ወጡ።

በበሩ ላይ ከዲጃ፣ «ጺሙን ሂና አድርጉለት ልበላቸው? አምሮ ይሂድ» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኋት። «ነጩን እንደያዘ ይሂድ።»

ከዲጃ ሐዘኑ ያመጣብኝ ኢማን መሰላት። አይደለም። ጀነት ውስጥ ሑሮች የሚባሉ ቆነጃጅት አሉ፤ ዓይናቸው ሰፊ፣ ዕድሜያቸው የማይጨምር። እኔ እዚህ አራት ወር ከዐሥር ቀን ያለ ኩል ተቀምጬ፣ እሱን አስውቤ ልሰድላቸው? ሼኹን ይህን ብጠይቃቸው ሳቅ እያሉ፣ «የዱንያ ሚስቱ በዚያ ከነሱ ሁሉ ትበልጣለች» አሉኝ። አምናለሁ። ግን እስክደርስ ድረስ ማን ይጠብቅልኛል?

በሰባተኛው ቀን ዘሐራ ከኮምቦልቻ መጣች። አግብታ ሦስት ልጅ ወልዳለች፤ አንገቷ ግን አሁንም ያው ነው። እግሬ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ከኔ የበለጠ አለቀሰች ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አላነሰችም።

«እትዬ፣ ጋሽ ሙሔ እኮ ስለ እርስዎ ማውራት አይሰለቸውም ነበር» አለችኝ። «ሂናውን ቀብቼ አገጩን እያሰርሁት እንኳ አያቆምም። ‹ጠበቅ አድርጊው፤ ዛሬ አምሬ ካልገባሁ ያ መምህር ይወስድብኛል› ይለኝ ነበር።»

እንግዲህ ይህ ቃል ሚስትን ሁሉ የሚያጽናና ቃል ነው። ለቅሶ ላይ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል የሰማሁት «እያሰርሁት» የሚለውን ነው። ስምንት ዓመት የጠየቅሁትን፣ እሱ በዓይኑ የሳቀበትን ነገር። አንቺ ነበርሻ!

እጇን ይዤ ጣቶቿን አየሁ። ሂናው የለም፤ ለሐዘኔ ብላ አጥባው መጥታለች። እንዲህ ያለችውን ሴት መጥላት እንኳ አይቻልም፤ ይህም ሌላ በደል ነው።

ዒዳዬ ሊያልቅ ዐሥራ ስምንት ቀን ቀረኝ። ያን ቀን ሰደቃ ይወጣል፤ ዘሐራም እንደምትመጣ ልካብኛለች። ከዲጃ ትናንት፣ «ያን ቀን ለማን ብለሽ ትኳያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰነበትሁ። ጓድ መምህር ለማንም ዓይን ሳይል የሚያጌጥ የለም ብሎ ነበር። እኔን የሚያየኝ ዓይን አፈር ገብቷል። ግን ሙታን ዘመዶቻቸው የሚያደርጉትን ያውቃሉ የሚሉም አሉ። ሙሔ ያን ቀን ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ቢያይ፣ ዘሐራ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠን ቢያገኘን፣ እንዲህ ሆኜ ያየኛል?

መስታወቱን ከግድግዳው ላይ አዞረዋለሁ። እኳላለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሂናውንም አደርጋለሁ።

ቅቤ ግን አልቀባም።